ጭስ ማውጫ የጎደላት የናስ ባቡር

ባቡሩ ተነሣ! ስላችሁ «የት ደረሰ?» በሉኝ። ካላላችሁ አልጀምርም፤ እኔ ሥርዓት የማከብር ሰው ነኝ። ባቡሩ ተነሣ! … መልካም። አንዳንዶቻችሁ አጉረመረማችሁ እንጂ በደንብ አላላችሁም፤ ይሁን፣ ሰዓቱ ስለሄደብን ጀምሬያለሁ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ሙሴ ልሳኑ የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። ሙሴ፣ በፈረንሳዮቹ አፍ አቶ፣ የተባሉት ፈረንሳዊ ሆነው አይደለም። በባቡር ጥገና ሠላሳ አንድ ዓመት መዶሻ የጨበጠ ሰው ድሬ ላይ ሙሴ ነው። እኩዮቻቸው ጥላ ሥር ዳማ ሲጫወቱ፣ ሙሴ ልሳኑ ቤታቸው ቁጭ ብለው ባቡር ይሠሩ ነበር። አትሳቁ። ትንሽ ባቡር ናት፣ ከክርን እስከ እጅ አንጓ ብትደርስ ነው፤ ግን የድሮዋን፣ በእንፋሎት የምትሄደዋን ባቡር ቁርጥ እሷን።

አሠራሯም እንዲህ ነው። ከባሕር ማዶ ሦስት ስስ የናስ ገበታዎች በፖስታ መጡ። በየገበታው ላይ አሲድ የእያንዳንዱን ዕቃ ዙሪያ በልቶ በልቶ፣ እንደ እትብት በቀጠነች ነገር ብቻ አንጠልጥሎ ትቶታል። ሠሪው እትብቷን ይቆርጣል፣ ጠርዙን ይሞርዳል፣ በተሰመረለት መስመር ያጥፋል፣ ከዚያ በካውያ ይበይዳል። ያለ ቦታው ካጠፈ አለቀለት፤ ስስ ናስ አንዴ ይታጠፋል፣ ላቃናህ ሲሉት ይሰበራል። ስለዚህ ሙሴ ልሳኑ ከማጠፋቸው በፊት ጸሎት ያደርሱ ነበር ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ያልነበርኩ ሰው በሚናገረው እርግጠኝነት ግን እናገራለሁ።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዕቃ። አሥራ አራት ወር። ሁለት መቶ አሥራ አንዱ ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀረው አንድ ነው፤ ጭስ ማውጫው።

ባቡሯ የተሠራችው ለሙሴ ሮብሌ ነው። ሙሴ ሮብሌ በእውነተኛዋ ባቡር ላይ ከሰል በአካፋ እያጎረሱ ወጣትነታቸውን የጨረሱ እሳት አንዳጅ ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ጠፍቶ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ልጃቸው ሂቦ ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ጅቡቲ ልትወስዳቸው መጥታለች፤ መኪናው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል። የባቡር ሰው በመኪና! ዝም ብዬ አልፈዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሙሴ ሮብሌ ባቡሯን ከፊት በኩል በጣታቸው ዳብሰዋት ነበር።

«ልሳኑ፣ ይሄ ሁሉ ወር ማንቆርቆሪያ ነው ስትሠራ የከረምከው?»

«ጭስ ማውጫው አልተበየደም እኮ፣ አንተ!»

«ጭስ ማውጫ የሌለው ነገር ማንቆርቆሪያ ነው። ጅቡቲ ማንቆርቆሪያ ሞልቷል። አልወስድም!»

ደግሞ በሁለቱ መሀል የቆየ ነገር አለ። የእንፋሎቷ ባቡር ሥራ ባቆመችበት ዕለት የሙሴ ሮብሌ አካፋ ከጥገና ክፍል ጠፋች። ማን ወሰዳት? እስካሁን አልተጣራም። ሙሴ ሮብሌ ግን ይኸው ሃምሳ ዓመት፣ ሙሴ ልሳኑን ባገኙ ቁጥር ሰላምታቸው አንድ ነው፤ «እንዴት አደርክ፣ አካፋዬስ?»

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሙሴ ሮብሌና ሂቦ ለስንብት እዚያው ቤት መጥተው ሳሉ፣ ሙሴ ልሳኑ ጭስ ማውጫውን ሊበይዱ ቢቀመጡ እርሳስ የለም። ሬዲዮ ጠጋኞች በካውያ ጫፍ የሚያቀልጡት፣ ክር የመሰለው የመበየጃ እርሳስ አልቋል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ትናንት ንድፉ ላይ ለሌለ አንድ ነገር አውለዋታል። ምን እንደሆነ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

«ጋሼ ልሳኑ፣ እኔ ሙጫ አለኝ» አለች ሂቦ።

«ሙጫ?» ሙሴ ልሳኑ ደረታቸውን ያዙ። «ባቡር በሙጫ? ልጄ፣ አባትሽ እንዳይሰሙሽ!»

«ሰምቻለሁ!» አሉ ሙሴ ሮብሌ ከበረንዳው። «ማንቆርቆሪያም በሙጫ አይሠራም!»

ምስር የምታህል እርሳስ ናት የተፈለገችው። ምስር! ከዚህ ያነሰ ፍላጎት ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።

ሙሴ ልሳኑ ተነሡ። ጭስ ማውጫው ገና በገበታው ላይ በእትብቱ ተንጠልጥሏል፤ መበየጃው እጅ ሳይገባ ዕቃ ከገበታው መቁረጥ በእሳቸው ሕግ ነውር ነው። የተቆረጠ ትንሽ ዕቃ ወለል ይውጠዋላ! ስለዚህ ገበታውን እንዳለ በጋዜጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉና ወደ መጋላ ሰፈር ገሠገሡ፣ ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሽኩር።

«ሽኩር፣ ምስር የምታህል እርሳስ!»

«ለሙሴ ልሳኑ ምን ገዶኝ» አለ ሽኩር። «ግን እርሳሱ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እጄ ደግሞ አልቦታል። በላብ እጅ ይሄን መሳቢያ አልከፍትም። ውስጡ ያለው የስንት ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ነው፤ አንዲት ጠብታ ላብ አንድ ጣቢያ ታጠፋለች። በረዶ ያምጡልኝ፣ እጄን ላብርድ።»

«ፎጣ የለህም?»

«ፎጣ አለኝ። ፎጣውም አልቦታል።»

ይሄ ተጨባጭ ምክንያት ነው፤ ሙሴ ልሳኑም እንደዚያ ተረዱት። ጭስ ማውጫው ያለ እርሳስ አልቆም አለ፤ ሽኩር ያለ በረዶ እርሳስ አልሰጥ አለ። ስለዚህ ወደ በረዶ!

በረዶ ያለው ጥግ ላይ፣ ጭማቂ ቤት፣ ዘምዘም ጋ ነው። ዘምዘም የበረዶ ሳጥኗ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች፤ ከነሙሉ ክብሯ ስለተቀመጠች ሳጥኑ አይታይም።

«ዘምዘም፣ አንዲት ፍሬ በረዶ!»

«አቦ ሙሴ፣ ይሄን ሳጥን በቀን አንዴ ነው የምከፍተው፣ ማንጎ ሲመጣ። ከዚያ በፊት ከከፈትኩት ድሬ ራሷ ገብታ ትቀመጥበታለች! ሙቀቱን አያዩትም?»

«ማንጎውስ የት ነው?»

«ኢብሳን ይጠይቁታል። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየመጣ ነው።»

እየመጣ ነው። ይሄን ቃል ስንት ቦታ እንደሰማሁት ባልነግራችሁ ይሻላል። ጭስ ማውጫው ያለ እርሳስ አልቆም አለ፤ ሽኩር ያለ በረዶ እርሳስ አልሰጥ አለ፤ ዘምዘም ያለ ማንጎ በረዶ አላወጣ አለች። አራት ሰዓት ሆነ። ስለዚህ ወደ ማንጎ!

ማንጎው ከድልድዩ ማዶ፣ መሀል መንገድ ላይ፣ ኢብሳ ጋሪ ላይ ቆሟል። ጋሪው የቆመው ፈረሱ ስለቆመ ነው። የፈረሱ ስም ዳይሬክተር ነው። ለስሙ ስል አንቱ እላቸዋለሁ፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ ነገ የምታውቁት ነገር የለም።

«ኢብሳ፣ ለምን ቆማችሁ?»

«ዳይሬክተሩ ቁርስ አልበሉም።»

«በጅራፍ አትላቸውም?»

«ዳይሬክተርን?» ኢብሳ ግራ ቀኙን አየ። «ሙሴ፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ!»

«ለመሆኑ ይሄን ስም ማን አወጣላቸው?»

«እኔ። በሰዓቱ አይነሡም፣ ሲነሡም ወደ ኋላ ነው፣ ግን መንገድ ላይ የሚያየን ሁሉ ጥግ ይይዝላቸዋል።»

«እሺ፣ ማንጎውን እኔ ልሸከመው?»

«ሃያ ሳጥን ነው! ወገብዎን የሠሩት ከባቡር ሐዲድ ነው እንዴ? ይልቅ ትኩስ አልፋልፋ ያምጡልን። ትናንት የታጨደ ባቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። የሚበሉት የአዴ ሩሚያን ሳር ብቻ ነው።»

ዳይሬክተሩ በዚህ መሀል አንድ ጊዜ አናፉ። ሐሳቡን የደገፉት መሰለኝ። ጭስ ማውጫው ያለ እርሳስ አልቆም አለ፤ ሽኩር ያለ በረዶ እርሳስ አልሰጥ አለ፤ ዘምዘም ያለ ማንጎ በረዶ አላወጣ አለች፤ ዳይሬክተሩ ያለ ሳር ማንጎ አልጎትት አሉ። አራት ሰዓት ተኩል! ስለዚህ ወደ ሳር!

ሳር ሻጯ አዴ ሩሚያ ቤታቸው ቅርብ ነው። አዴ ማለት በአካባቢው እናት ሲከበር የሚጠራበት ነው፤ አዴ ሩሚያ ደግሞ ዛሬ በተለይ መከበር አለባቸው፣ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሴ ልሳኑ በሩን አልፈው ሲገቡ ግቢው በሴት ሞልቷል። ሁሉም ተቀምጠዋል። የተቀመጡት በምን ላይ ነው? በአልፋልፋ እስር ላይ! ለጠዋት ገበያ የታሰረው ሁሉ፣ አርባ እስር፣ እንደ ዱካ ተደርድሮ አርባ ሴት ተቀምጦበታል።

«አዴ፣ አንድ እስር ሳር!»

«ሳር ሞልቷል፣ ሙሴ» አሉ አዴ ሩሚያ በሹክሹክታ። «ግን ይኸው፣ ተቀምጠውበታል።»

ሙሴ ልሳኑ ዳር ላይ ወዳሉት ሰፋ ያሉ ሴትዮ ዞሩ።

«እትዬ፣ ላንድ አፍታ ብድግ ቢሉልኝ?»

«እኔ? ሂና ሳይነካ?» ሴትዮዋ ሳሩ ላይ ይበልጥ ተመቻቹ። «በዚህ ቤት የመጀመሪያዋ ሂና ሙሽራዋ እጅ ላይ ሳታርፍ የተነሣች ሴት የልጅቷን ዕድል ይዛ ነው የምትነሣው። ሂናው ይረፍ፣ እልል ብለን ተነሥተን እንጨፍራለን። ያኔ ሳሩን አይደለም፣ ግቢውን ይውሰዱት!»

ይህም ግልጽ አሠራር ነው፤ አርባ ሴት ያጸደቀው። እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ። ጭስ ማውጫው ያለ እርሳስ አልቆም አለ፤ ሽኩር ያለ በረዶ እርሳስ አልሰጥ አለ፤ ዘምዘም ያለ ማንጎ በረዶ አላወጣ አለች፤ ዳይሬክተሩ ያለ ሳር ማንጎ አልጎትት አሉ፤ ሴቶቹ ያለ ሂና ከሳሩ ላይ አልነሣ አሉ። ስለዚህ ወደ ሂና!

ሂናው ተበጥብጦ ተዘጋጅቷል። ሂና ሠሪዋ መሀል ላይ ቀጭን እንጨቷን ይዛ ትጠብቃለች። ችግሩ ሙሽራዋ ናት። ኢፍቱ ሁለት እጇን ጨብጣ፣ ጭብጧን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ፣ ግንባሯን ቋጥራ ተቀምጣለች።

«አበባ ልሥራልሽ» ትላለች ሂና ሠሪዋ።

«አበባ የአክስቴ ልጅ እጅ ላይ አለ።»

«ጨረቃ?»

«ጨረቃ የአክስቴ ልጅ እግር ላይ አለ።»

«ጣዎስ?»

«ጣዎስ ያቺ ሳቅ የምትወደው ጎረቤታችን ጀርባ ላይ ሳይቀር አለ! እኔ የማገባው አንዴ ነው። ድሬ ላይ ማንም ሙሽራ እጅ ላይ ያልታየ ነገር ካልመጣ እጄን አልዘረጋም። ጨርሻለሁ።»

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ናት» አሉ አዴ ሩሚያ። «ሙሽራው ያውቃል ወይ እንዳይሉኝ። ያውቃል። ስለወደዳት ነው።»

አምስት ሰዓት ከሩብ። መኪናው በስድስት ይነሣል። ከስድስት በኋላ ደግሞ ድሬ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ያኔ እርሳስ አይደለም የሚጮህ ውሻም አይገኝም። ሙሴ ልሳኑ በጣታቸው ቆጠሩ። አሥራ አራት ወር! ሁለት መቶ አሥራ አንድ ዕቃ! ሮብሌ ሊሄድ ነው፣ ያውም ባዶ እጁን፣ ያውም «ማንቆርቆሪያ» እያለ! ላባቸውን ሊጠርጉ እጃቸውን ሲያነሡ በብብታቸው የነበረው ጋዜጣ ሸርተት አለና ገበታው ወደቀ። ቶሎ ብለው አነሡት፤ ጭስ ማውጫው እንዳለ አለ። ለማረጋገጥ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት።

ይኼኔ ነገሩ ሆነ።

ገበታው ላይ ለሌላ ዓይነት ባቡር የታሰቡ ሦስት ትርፍ ጎማዎች ቀርተዋል፤ ዙሪያቸው ደግሞ የተቆረጡት ዕቃዎች ባዶ ቦታ ነው፤ መሰላል የመሰለ፣ መስኮት የመሰለ፣ ዘንግ የመሰለ። የድሬ ፀሐይ በዚያ ሁሉ ቀዳዳ ሾልካ ወረደችና የኢፍቱ ጭብጥ ላይ ዐረፈች። ጭብጧ ላይ ሦስት ጎማ! ኢፍቱ አየችው። ጎማዎቹ ተወዛወዙ፤ ሙሴ ልሳኑ ገበታውን ወዲያ ወዲህ እያዘነበሉ ያዩት ነበራ። የሚሽከረከሩ መሰላት። ልትይዛቸው እጇን ከፈተች።

«ይሄ!» ብላ ጮኸች። «ይሄ ምንድነው? ይሄን ነው የምፈልገው!»

«ባቡር ነው» አሉ ሙሴ ልሳኑ። «የባቡር ትርፍ ነው፣ ልጄ።»

«አያቴ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ! የማን እጅ ላይ ባቡር አለ? የማንም! እማ፣ የማንም እጅ ላይ የለም!»

ሂና ሠሪዋ ገበታውን ተቀብላ የኢፍቱ እጅ ላይ አጋደመችው። ልክክ አለ። ሂናውን በቀዳዳው ብታሳርፍበት ንድፉ በራሱ ይታተማል። ግን አንድ ነገር አስቸገራት።

«ሙሴ፣ ይቺ የተንጠለጠለች ቁራጭ ትወዛወዛለች፣ ሂናውን ታበላሽብኛለች። ያውጧት።»

ጭስ ማውጫው! እርሳሱ ሳይገኝ ይቆረጥ? አርባ ሴት ሙሴ ልሳኑን አየ። ሙሴ ልሳኑ ሰማይ አዩ። ከዚያ ከኪሳቸው መቀስ አወጡና፣ ቀጭ፣ የሕይወታቸውን ሕግ ቆረጡት። ቁራጯን በሂና ሠሪዋ እንጨት ላይ ጠቅልለው ጫፏን ከጫፏ ገጠሙ፤ ባቄላ የምታህል ጭስ ማውጫ ወጣች። የት ትቀመጥ? ኪሳቸው ለመቀስ እንጂ ለባቄላ አይሆንም፣ ቀዳዳ ነው። ጋዜጣው ተቀዷል። መሬቱ ሁሉ ሳር ነው። አንድ አስተማማኝ ቦታ ቀረ። ጭስ ማውጫውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ጉንጫቸው ሥር ሸጎጡት።

እንግዲህ ያዙ፣ አሁን ነው ቋጠሮው የሚፈታው! ሙሽራዋ እጇን ዘረጋች፤ ሂናው ዐረፈ፤ አርባዎቹ ሴቶች «እልልል!» ብለው አንዴ ብድግ አሉ፤ ሳሩ ከሥራቸው ነጻ ወጣ። ሙሴ ልሳኑ ሁለት እስር ብብታቸው ሥር አድርገው ሮጡ። ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሮጡ ስል ሮጡ ማለቴ ነው!

«አገኙት?» አለ ኢብሳ።

«ም!» አሉ ሙሴ ልሳኑ። አፋቸውን ቢከፍቱ ጭስ ማውጫው ይወድቃል፣ ቢውጡ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይሆናል።

ዳይሬክተሩ በሉ። አንድ እስር በሉ፣ ሁለተኛውን በሉ፣ ጋዜጣውንም ቀመሱት። ከዚያ፣ በዚህ ከተማ ማንም አይቶት በማያውቅ ሁኔታ፣ ወደ ፊት ሄዱ! ጋሪው ተነሣ፤ ሙሴ ልሳኑ ማንጎው ላይ ተፈናጠጡ፤ ድልድዩን ተሻገሩ፤ ሰው ሁሉ ጥግ ያዘ።

«እንዴት ነው ሙሴ ዝም አሉኝ?» አለች ዘምዘም ማንጎዋን ስታይ። «ተቀየሙኝ እንዴ?»

«ም ም!»

«ወላሂ ተቀይመዋል! ኧረ እኔ ለክፉ ብዬ አይደለም!» ብላ ከሳጥኑ ላይ ተነሣች፤ ሳጥኑ ተከፈተ፤ በረዶው ወጣ፣ ፍሬ አይደለም፣ በሳህን ሙሉ!

ሽኩር በረዶውን በሁለት እጁ ጨበጠ። እጁ በረደ፤ መሳቢያው ተሳበ፤ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ተገላበጠ፤ እርሳሱ ብቅ አለ።

«ስንት ልቁረጥ?»

ሙሴ ልሳኑ የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር አሳዩት።

«እንዲህ ነው ደንበኛ!» አለ ሽኩር። «አይከራከር፣ አይጨቀጭቅ። ዝም ያለ ሰው እወዳለሁ።» ስንዝር ሙሉ ቆርጦ ሰጣቸው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ። ከዚራ፣ በሩ ላይ፣ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል።

«አባ፣ እንሂድ» ትላለች ሂቦ።

«ልሳኑ ሳይመጣ? አካፋዬን ሳይመልስ?» ሙሴ ሮብሌ በረንዳው ላይ ከዘራቸውን ተክለው ተቀምጠዋል። «መኪናው ይጠብቅ። እኛ ስንት ዓመት ሰው ስንጠብቅ!»

የኢብሳ ጋሪ ሲንኳኳ ተሰማ። ሙሴ ልሳኑ ዘለው ወረዱ። ሂቦ፣ አትናገርም እንጂ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ካውያውን ከሰል ላይ አግላ ትጠብቃቸው ነበር። ጭስ ማውጫው ከጉንጭ ወጣ፣ ተጠረገ፣ ቦታው ላይ ቆመ። እርሳሱ ካውያው ጫፍ ላይ እንደ ዕንባ ቀለጠ። ጭሽ! ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

«እንካ!» አሉ ሙሴ ልሳኑ፤ ከሂናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ሞልተው።

ሙሴ ሮብሌ ባቡሯን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጣታቸው ከፊት ጀመረ፤ ወደ ላይ ወጣ፤ ጭስ ማውጫው ጋ ደረሰ።

«ኡፍ!» ጣታቸውን ሳቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ትኩስ ነው! ልሳኑ፣ ትኩስ ነው! ልትነሣ ነው! ማንቆርቆሪያ እንዲህ አያቃጥልም!»

«አባ፣ ማንቆርቆሪያም ያቃጥላል» አለች ሂቦ።

«ዝም በይ፣ ባቡር አታውቂም!»

ጣታቸው ወደ ኋላ ሄደ። የማሞቂያው በርሜል፣ መሰላሉ፣ የነጂው ክፍል። ወደ ውስጥ ገባ። ከሰል በሚጎርሰው የእሳቱ አፍ ጋ፣ እሳት አንዳጁ በሚቆምበት በስተግራ፣ አንዲት የትንኝ እግር የምታህል ነገር ነካ። ጣታቸው ቆመ።

ንድፉ ላይ የሌለው ነገር ይሄ ነው። ሙሴ ልሳኑ ከገበታው ጠርዝ ቆርጠው፣ ሞርደው፣ የመጨረሻዋን እርሳስ ያዋሉባት አካፋ።

ሙሴ ሮብሌ ጣታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አመላለሱት።  ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ማንም አልሰማውም። ሙሴ ልሳኑ ካውያውን ጠረጉ። 

«ልሳኑ።»

«አቤት።»

«አነሰች።»

«ሃምሳ ዓመት ዝናብ መታት። ተኮማተረች።»

«ብቻ እሷ ናት። እጀታዋ ላይ ጎበጥ ያለችው ነገር አለች። እኔ ነኝ ጉልበቴ ላይ ያጎበጥኳት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?» ሙሴ ሮብሌ ከዘራቸውን አነሡ። «እንዴት አወቅክ? ታዲያ አንተ ነህ የወሰድካት!»

«እኔ መለስኩ እንጂ ወሰድኩ የሚል ቃል አልወጣኝም!»

ሙሴ ሮብሌ ሳቁ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፣ ከዚያ አለቀሱ፣ ከዚያ ሁለቱን ባንድ ላይ አደረጉት። ባቡሯን ደረታቸው ላይ ታቅፈው መኪናው ውስጥ ገቡ። መኪናው ሲነሣ መስኮቱን አስወርደው፣ ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው እንደ ድሮዋ ባቡር አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር አፏጩ። ዳይሬክተሩ ሰምተው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ወደ ልማዳቸው ተመለሱ ማለት ነው።

ገበታው አልተመለሰም። ከኢፍቱ ሠርግ በኋላ ድሬ ላይ የሚያገቡ ሁሉ «ጎማ ካልሆነ እጃችንን አንዘረጋም» አሉ። ሂና ሠሪዋም ገበታውን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ጠርዙ ላይ በዚያች ትንሽ አካፋ ልክ የተቆረጠ ጉድለት አለ፤ ቁራጯ የት እንደሄደች ሲጠይቋት «እሷ ጅቡቲ ናት» ትላለች።

ባቡሬ ደረሰ፣ ከሰሌ አለቀ። እኔን እመኑኝ፣ ዳይሬክተሩን መንገድ ልቀቁላቸው፣ አፌን ደግሞ በማንጎ አብሱ።